የቤት ውስጥ ጥቃት ደርሶብሽ ከሥራ ስትቀሪ ፈቃድሽን እንዴት ታስከብሪያለሽ? ለኮምቦልቻና ለደሴ ሠራተኞች የተዘጋጀ መመሪያ

ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ ያመለጣት ሴት ሁሉ እንቅልፍ አሸንፏት የቀረች አይደለችም። ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካም ሆነ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ሴቶች ይህንን ያውቁታል። ሌሊቱን ስትደበደብ ያደረች አለች። በር ተቆልፎባት የዋለች አለች። ልጇን አዝላ ደሴ እናቷ ቤት የሸሸች አለች። በሦስተኛው ቀን የፊቷ እብጠት ሲጎድል ወደ ሥራ ትመጣለች። ሱፐርቫይዘሩ «የት ጠፋሽ?» ሲላት «አሞኝ ነው» ትላለች። ወረቀት ግን የላትም። ቀኖቹ ያለ ፈቃድ እንደቀረች ተደርገው ይመዘገባሉ፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው ይሄዳል። ሥራው ሲሄድ ደግሞ ከዚያ ቤት የምትወጣበት መንገድ አብሮ ይዘጋል።

ይህንን የምጽፈው ያ እንዳይሆን ነው።

መጀመሪያ ግልጽ እናድርገው። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ «የቤት ውስጥ ጥቃት ፈቃድ» ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ፈቃድ የለም። ፊሊፒንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴት ሠራተኞች ደመወዝ ያለው የ10 ቀን ፈቃድ በሕግ ሰጥታለች። አውስትራሊያም በ2023 በዓመት 10 ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ፈቅዳለች፤ በጊዜያዊነት የሚሠሩትን ሳይቀር። እኛ ጋ ያለው ተበታትኖ ነው። አንዱ በሕመም ፈቃድ ውስጥ፣ አንዱ በልዩ ፈቃድ ውስጥ፣ ሌላው በዓመት ፈቃድ ውስጥ ይገኛል። ሥራሽን የምታተርፊው እነዚህን አሰባስበሽ፣ የቀረሽበትን እያንዳንዱን ቀን ከአንዱ ፈቃድ ሥር ስታስገቢ ነው።

በመጀመሪያ አምስት የምትለዋን ቁጥር ያዢ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሠራተኛ ማሰናበት የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አንዱ ከሥራ መቅረት ነው። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረ፣ ስለ መቅረቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። ማርፈድም ተካትቷል፤ በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ አርፍዶ በጽሑፍ የተነገረው ሠራተኛ እንዲሁ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። ስለ መቅረት የሚናገረው ድንጋጌ አንድ ነገር ይጨምራል፦ መቅረቱ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ፈቃዶች በአንዱ ሥር የማይወድቅ ሲሆን ነው ይላል። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ያለሽበት ቀን ከአምስቱ አይቆጠርም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዘሽ ለምስክርነት የሄድሽበት ሰዓትም አይቆጠርም። የሚቆጠርብሽ ምንም ወረቀት የሌለው ቀን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ቀን ለማጥፋት የተጻፈ ነው።

ጥቃቱ በደረሰ ማግስት

ከሁሉ በፊት ነፍስሽ ትቅደም። እናትሽ ቤት፣ ጎረቤት፣ የፋብሪካ ጓደኛሽ ዶርም፣ ደህና የምትሆኚበት ቦታ ሂጂ።

ከዚያ ለሥራ ቦታሽ አሳውቂ። አዋጁ የታመመ ሠራተኛ በቀረ ማግስት ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ ማሳወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ካልገጠመው በስተቀር። ስልክ ከመደወል በጽሑፍ መላክ ይሻላል። የስልክ ወሬ በኋላ «አልነገረችኝም» ሊባል ይችላል፤ የተላከ መልእክት ግን ቀንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። ለሱፐርቫይዘርሽ እንዲህ ብለሽ ላኪ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ____ ነኝ፣ ከ____ ላይን። ዛሬ አሞኝ ወደ ሐኪም እየሄድኩ ስለሆነ መግባት አልችልም። የሐኪም ወረቀት ይዤ እመጣለሁ።»

ይበቃል። ማን እንደመታሽ፣ ለምን እንደመታሽ ለላይን ኃላፊ መተረክ የለብሽም። ስልክሽን ነጥቆሽ ከሆነ ዶርም አብራሽ ያለችው ወይም በአንድ ሰርቪስ የምትሄዱት ልጅ ትንገርልሽ። እሷም በአፍ ብቻ ሳይሆን በመልእክት ብትልከው ጥሩ ነው።

ሐኪም ቤት፦ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛው የሕመም ፈቃድ ነው፤ በተለምዶ «ሲክ ሊቭ» የምንለው። ሐኪሙ «ለዚህን ያህል ቀን እረፍት ያስፈልጋታል» ብሎ ጽፎ ፈርሞ የተቋሙ ማህተም ያርፍበታል። ይህ የሚሄደው ወደ ሰው ኃይል ክፍል ነው።

ሁለተኛው ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ ነው። የጉዳቱን ቦታ፣ መጠንና ዓይነት ይገልጻል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፖሊስ ለሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ይህንን ፋብሪካ ወስደሽ ማሳየት አይጠበቅብሽም።

አንዱን ብቻ ይዛ የምትመጣ ሴት ብዙ ናት። ፖሊስ ጋ ሄዳ ማስረጃ ታስጽፋለች፣ የሥራውን ወረቀት ትረሳለች። ወይም የሥራውን ይዛ ትመለስና ከወር በኋላ ለመክሰስ ስትነሳ ቁስሉ ድኖ የሚታይ ነገር ይጠፋል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠይቂ።

ኮምቦልቻ ያለሽ በቅርብሽ ጤና ጣቢያ መጀመር ትችያለሽ። ጉዳቱ ከበድ ካለ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሐኪሙ እውነቱን ንገሪው። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ካልሽ ካርድሽ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው፣ በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብም ይጎዳሻል። የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ ላይ ግን የእረፍት ቀኑ ብቻ እንዲጻፍልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ማሽን ላይ ተቀምጦ ሐሳብ መጥፋት፣ ይህም ሕመም ነው። የግድ አጥንት መሰበር የለበትም። የአእምሮ ሐኪም የሚሰጠው እረፍት ከሌላው እኩል የሕመም ፈቃድ ነው።

ክፍያው እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ልታገኝ ትችላለች። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ነው። የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ቀኖቹ በተከታታይ ባይሆኑም ይደመራሉ፤ ዛሬ 3 ቀን፣ ከወር በኋላ 4 ቀን ብትወስጂ አንድ ላይ ይያዛሉ።

የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። አዲስ ገብተሽ እሱን ካልጨረስሽ የሕመም ፈቃዱ መብት ገና አልጀመረልሽም። ያኔ የሚቀጥለውን ተጠቀሚ።

አምስቱ ቀናት

ጥቂት ሠራተኞች ብቻ የሚያውቁት፣ ለዚህ ጉዳይ ግን በጣም የሚጠቅመው አንቀጽ 81 ነው። ሠራተኛ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። በአንድ የበጀት ዓመት 2 ጊዜ ይሰጣል።

ባሏ ሊገድላት ዝቶ ቤት ለቃ የወጣች ሴት ያጋጠማት ሁኔታ ልዩና ከባድ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ አትፍሪ፣ አንቀጹን ጠርተሽ ጠይቂ። ደመወዝ እንደሌለው አውቀሽ ግን ለዋናው ነገር አቆዪው። ቤት ለመለወጥ፣ ልጅ ከእናትሽ ጋር ለማስቀመጥ፣ ዕቃሽን ለማውጣት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ድርጅትሽ ይህንን የሚከተል ከሆነ ሰኔ ላይ ብትጨርሺውም ከሐምሌ በኋላ እንደገና ይከፈትልሻል።

ማመልከቻው ይህንን ያህል ነው፦

ቀን ____
ለ____ የሰው ኃይል አስተዳደር
ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት ፈቃድ ስለመጠየቅ
እኔ ____ በ____ ክፍል የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ድንገተኛና ከባድ የቤተሰብ ችግር ስላጋጠመኝ ከ____ እስከ ____ ድረስ ለ5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በ____ ቀን ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ተጨማሪ ማብራሪያ ካስፈለገ ከአንድ ኃላፊ ጋር ብቻ በምስጢር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነኝ።
ፊርማ ____

ሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ስትሰጪ ሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ ከቀን ጋር አስፈርሚ። አልፈርምም ካሉሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ላኪላቸው። ቅጂውን ቤት አታስቀምጪ፤ ለእህትሽ ወይም ለምታምኛት ጓደኛሽ ፎቶውን ላኪና ከራስሽ ስልክ አጥፊው።

ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ሽምግልና

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ይመለከታል። የኋለኛውን የማነሳው በምክንያት ነው። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ ወረዳዎች መጥተው ኮምቦልቻ ቤት ተከራይተው ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። «አልተጋባንም፣ ማን ይሰማኛል» የምትል ልጅ ካለች ሕጉ እሷንም ይሰማል።

የወንጀል ክስ ሲከፈት ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። አንቺ ብዙውን ጊዜ የምትጠሪው በምስክርነት ነው። ለሥራሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንቀጽ 83 ለምስክርነት ፍርድ ቤት ለቀረበ ሠራተኛ ለዚያ ለተጠቀመበት ጊዜ ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል። መጥሪያው እንደደረሰሽ ፎቶ ኮፒውን ለሰው ኃይል አስገቢ። ከችሎቱ ስትወጪ ደግሞ ቀርበሽ እንደነበር የሚያሳይ ማረጋገጫ ከመዝገብ ቤት ጠይቂ። ችሎቱ ጠዋት ካለቀ ከሰዓት በኋላ መግባት ይጠበቅብሻል፤ ፈቃዱ ለተጠቀምሽበት ጊዜ ብቻ ነውና።

የፍቺና የንብረት ክስ ግን ሌላ ነው። እዚያ ተከራካሪ ነሽ፣ ምስክር አይደለሽም። በመደበኛው ፍርድ ቤትም ሆነ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ ለዚያ ቀን ከዓመት ፈቃድሽ ላይ ብታስቀንሺ ይሻላል። ቀጠሮ ሲሰጥሽ ፈረቃሽን ለዳኛው ወይም ለቃዲው መናገር ነውር የለውም። የማታ ፈረቃ የምትገቢ ከሆነ የጠዋት ቀጠሮ ፈቃድ ሳይነካ ሊያልፍልሽ ይችላል።

የሚቀረው ሽምግልናው ነው። ወሎ ውስጥ ነገር መጀመሪያ የሚደርሰው ሽማግሌ ጋ ነው፤ እሱን አልቃወምም። ነገር ግን ለሽምግልና የቀረሽበት ቀን በአዋጁ ፈቃድ የለውም። ሽማግሌዎቹ «ነገ ጠዋት ተቀመጡ» ቢሉሽ «አባቶቼ፣ ሥራዬን አጣለሁ፣ እሁድ ይሁንልኝ» በያቸው። ይሰሙሻል። ሽምግልና ተይዟል ተብሎ ደግሞ የሐኪም ማስረጃው አይዘግይ።

የዓመት ፈቃድና ረዘም ያለ እረፍት

የዓመት ፈቃድ ለአንደኛው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። ክፍያ አለው። መቼ እንደሚወጣ በፕሮግራም የሚይዘው አሠሪው ስለሆነ «ነገ ልውጣ» ማለት መብት ሳይሆን ጥያቄ ነው። ግን አብዛኛው ኃላፊ በቅን ከተጠየቀ ያስተካክላል። ከተስማማ በሁለት ከፍለሽ መውሰድም ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜ ካስፈለገሽ፣ ለምሳሌ ገጠር ቤተሰብ ጋ አንድ ወር መቆየት ካለብሽ፣ አንቀጽ 18ን ተጠቀሚ። በሠራተኛው ጥያቄ አሠሪው ያለ ክፍያ ፈቃድ ከሰጠ የሥራ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት። ባለቀ ማግስት ባለው የሥራ ቀን በር ላይ ተገኚ። ያንን ቀን ማሳለፍ ያቆየሽውን ሁሉ ሊያበላሽብሽ ይችላል።

አንድ ሳምንት እንዴት እንደሚሸፈን

እንበልና አንዲት የስፌት ሠራተኛ እሁድ ማታ ተደበደበች። ሰኞ ጠዋት መልእክት ላከች፣ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ፖሊስ ጋ አመለከተች፣ እስከ ሐሙስ እረፍት ተጻፈላት። እነዚህ 4 ቀናት በሙሉ ደመወዝ ተሸፈኑ። ዓርብ ገባችና ማመልከቻዋን አስፈረመች። ከቀጣዩ ሰኞ ጀምሮ 5 ቀን ያለ ክፍያ ወጥታ አዲስ ቤት ተከራየች። ከሁለት ወር በኋላ ለምስክርነት ተጠራች፤ ግማሽ ቀኑ ከነክፍያው ተያዘላት። ይህች ሴት ከሥራ የራቀችበት ጊዜ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም፣ ያለ ፈቃድ የቀረችበት ቀን ግን አንድም የለም።

ፋብሪካው ውስጥ ማስተካከል ያለብሽ ነገሮች

ደመወዝሽ ያንቺ ነው። በአዋጁ መሠረት ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራተኛው ራሱ ወይም ሠራተኛው ለወከለው ሰው ነው። ባል በመሆኑ ብቻ ማንም መጥቶ መቀበል አይችልም። የኤቲኤም ካርድሽ እሱ ጋ ከቀረ በስምሽ ሌላ ሒሳብ ክፈቺና ቁጥሩን በጽሑፍ ለሰው ኃይል አስለውጪ።

ፋይልሽ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሆኖ የተመዘገበው እሱ ከሆነ ስሙን አስቀይሪ። ፈረቃ ወይም የሰርቪስ መውረጃ ለመለወጥም ጠይቂ። ይህ በሕግ የተጻፈ ግዴታ ባይሆንም ለሚጠብቅሽ ሰው የምትመጪበትን ሰዓትና ቦታ ይሰውርበታል። ለበር ጥበቃዎችም «ማንም ሰው ቢጠይቅ የለችም በሉ» ተብሎ እንዲነገራቸው አድርጊ።

ሰውየው እዚያው ፋብሪካ የሚሠራ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። በሥራ ቦታ አምባጓሮ መፍጠር ለስንብት የሚያበቃ ጥፋት ነው። መትቶሽ ራስሽን ስትከላከዪ «ሁለቱ ተጣሉ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በዚያው ቀን፣ ከፈረቃ ሳትወጪ፣ የሆነውን በጽሑፍ አስገቢ፤ ያዩ ሰዎችን ስምም ጥቀሺ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ በእርግዝናሽ ወቅትና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት ክልክል ነው፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ መቅረትን ጨምሮ በአንቀጽ 27 ለተዘረዘሩት አብዛኞቹ ጥፋቶች ይህ ጥበቃ አይሠራም።

ከተሰናበትሽ

በአንቀጽ 27 የሚደረግ ስንብት ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። «ነገ አትምጪ» የሚል ቃል አይበቃም። ደብዳቤውን ጠይቂ። ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ መጀመሪያ የሠራተኛ ማህበር ካለ እሱን፣ ከዚያ በከተማው አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየውን ክፍል አነጋግሪ።

ጊዜው አጭር ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ 6 ወር አለሽ። ሠራተኛ ለእንዲህ ያለ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ የማትችዪ ከሆነ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆንሽ የምትተዳደሪው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ ቀኖቹ ይለያሉ፣ የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቂ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንን አዋጅ 1156 አያቅፍም፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ክፍተት ነው። ለእነሱ ፖሊስና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀዳሚው በር ነው።

ለማህበር መሪዎችና ለሰው ኃይል ኃላፊዎች

አዋጁ የጎደለውን የህብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማህበሩ ከአሠሪው ጋር የሚፈራረመው ውል፣ ሊሞላው ይችላል። ከአዋጁ የበለጠ ለሠራተኛው የሚጠቅም ነገር በስምምነቱ ከተጻፈ የሚሠራው እሱ ነው። በሚቀጥለው ድርድር የሚከተለውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፦

«የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ወይም የደረሰበት ሠራተኛ፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለውን ጨምሮ፣ በዓመት እስከ 10 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ያገኛል። ማስረጃው የሐኪም፣ የፖሊስ ወይም የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን የሚያየው አንድ የተመደበ ኃላፊ ብቻ ነው። በፈቃዱ ምክንያት የመገኘት ጉርሻ አይቀነስም። በደመወዝ ወረቀት ላይ የፈቃዱ ዓይነት አይጻፍም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። አውስትራሊያም ሕጓ ውስጥ ይህንኑ ከልክላለች፤ የደመወዝ ወረቀቱን ቤት ውስጥ የሚያነበው ሰው ራሱ የሚመታት ሊሆን ይችላልና። ድርድሩ ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ወንዶች ከሆኑ ደግሞ ከስፌት ክፍል አንዲት ሴት ተወካይ ጨምሩ።